አባታችንን ያስቀመጥንበት ሶፋ

ሽማግሌ ሲገባ ተሯሩጠን ማስቀመጣችን አይገርማችሁም? ቆሞ ሊያዋራን ቢፈልግስ? ማን ይጠይቀዋል! «ኧረ ይቀመጡ!» ብለን ትከሻውን ይዘን ወንበር ላይ እንጫነዋለን። እኔ በዚሁ ጨዋነቴ ነው አባቴን የቀበርኩት።

አባታችን መርሳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሲደክሙ መሬቱን ለታናሽ ወንድሜ ለቀቁ። እኔ ወልድያ፣ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እኖራለሁ። ራሴን አዞረኝ ሲሉኝ አምጥቼ አስመረመርኳቸው። ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሟ ኪኒን ሰጠቻቸው፤ ጨው ይቀንሱ አለቻቸው። ቀጥላ ደግሞ፣ «አባባ፣ ቁጭ ብለው እንዳይውሉ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለች።

አባቴ የታዘዙትን የሚያጓድሉ ሰው አልነበሩም። ሱብሒ ሰግደው ምርኩዛቸውን ይይዙና በሲሪንቃው አስፋልት ይወጣሉ። ፀሐይ ሳይከር ይመለሳሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊታቸው ፈካ፤ እንቅልፋቸው ተመለሰ።

የእኛ እንቅልፍ ግን ጠፋ። ሰው ማውራት ጀመረ። ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የጠፋ ከብት የለ፤ ታዲያ ይሄ ሽማግሌ መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ጃጁ ያለ አለ። ልጆቻቸው ጣሏቸው ያለም አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬማ ከሚኒባስ ሆኖ አይቷቸው ኖሮ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባትህ ባጃጅ የሚያሳፍራቸው አጡ እንዴ?» አለኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ተመካክረን ሶፋ ገዛን። ትልቅ፣ ለስላሳ፣ የተቀመጠበት ሰው የሚሰምጥበት። ቴሌቪዥን ጨመርን። መስጊድ የሚያደርሳቸው ባጃጅም ተኮናተርን።

«ኧረ ልጄ፣ ሐኪሟ ሂድ ነው ያለችኝ» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ ሐኪሟ ያለችው ወልድያ ነው። እዚህ የሚያየን ሰው ነው።»

«እና ለሰው ስል ልቀመጥ?»

«ለእኛ ሲሉ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ምን ያድርጉ? ልጅ ለምኗቸው እምቢ ማለት አያውቁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ደጅ ደርሰው ሲመለሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኛ ደግሞ ደከሙ ብለን ትራስ ጨመርንላቸው! ኪኒኑንም «ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ምን ያደርጋል?» እያሉ መዝለል ያዙ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቴ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አፋቸው ተጣሞ አገኘቻቸው። ሆስፒታል አደረስናቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ሶፋው ገደላቸው አልልም። ዕድሜ አለ፣ ግፊት አለ፣ የአላህ ቀደር አለ። ግን አንድ ሰው ድኖ ሲሄድ አይቼ፣ መንገድ ላይ ይዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይሄንን የት ላድርሰው?

ለለቅሶው ከውርጌሳና ከሐራ ድረስ ሰው ጎረፈ። ያኔ «ልጆቻቸው ጣሏቸው» እያሉ ሲያወሩ የነበሩት ጎረቤታችን አያ ይማም እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። እንባቸው የእውነት ነበር።

«መሬት ሳታስረግጥ አኖርካቸው» አሉኝ። «አላህ ለሁላችንም እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጠን!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

እኔም አሚን አልኩ።