እማማን ፀሐይ የማሞቅ ፕሮጀክት

ለመላው የመንገዳችን ነዋሪ፣ በቅርብም በሩቅም ላላችሁ ወዳጆች፤ በትውልድ አንዴ እንኳ ለማየት የማይታደሉት ታላቅ ውሳኔ በመካከላችን መተላለፉን ስንገልጽ ኩራታችን ወሰን የለውም። አንዲት አሮጊት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቁ ተወስኗል።

አሮጊቷ እማማ ናቸው፣ የሊቀመንበሩ እናት። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ፣ "እማማ፣ ለዚህ ክኒን አላዝም። ፀሐይ ይሙቁ። ካልሞቁ ግን ይሄ ጉልበት አልጋ ላይ ያውልዎታል" አላቸው። እማማ እንደሆኑ ድሮም ይሞቁ ነበር። ጓሮ ውስጥ ከዘይቱኗ ዛፍ ጥግ አንድ የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን አለቻቸው፤ እሷ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘርግተው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውላሉ። ሐኪሙ ያዘዘው ያንኑ እንዲቀጥሉበት ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን በነጻ የተገኘን መድኃኒት ዝም ብለው የሚውጡ ሰው አይደሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመሥሪያ ቤታቸው ያልሰበሰቡት ኮሚቴ አልነበረም። ከወንበሩ ተነሱ እንጂ ሊቀመንበርነቱ ከሳቸው ላይ አልተነሳም፤ ዛሬም ማዕድ ላይ ጨው ሲፈልጉ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" ብለው ነው የሚጀምሩት። በዚያ ላይ መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ፏፏቴ አስተክሏል። ባለ ፏፏቴው ይባላል። ፏፏቴውን ካስተከለ ወዲህ መንገድ ላይ አይተነው ስለማናውቅ፣ "እንዲህ ያለ ግቢ ያለው ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል!" እያልን በአጥሩ ሥር ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

"አጀንዳ አንድ" አሉ ሊቀመንበሩ እራት ላይ፤ "የእናታችንን የፀሐይ ተጠቃሚነት በአስተማማኝ መሠረት ላይ ስለማስቀመጥ።"

"ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ የለ እንዴ" አሉ እማማ።

"እማዬ፣ በሳጥን ላይ የሚሞቅ ፀሐይ ደረጃውን የጠበቀ አይደለም።"

"ፀሐይዋ በሳጥኔ ምን አገባት?"

የሊቀመንበሩ ባለቤት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ጎረቤታችን ፏፏቴ አለው፤ እኛ የተገለበጠ ሳጥን አለን። ነገ ሰው ቢመጣ የት ላስቀምጠው ነው?"

"ሰው መቼ መጥቶ ያውቃል?"

"የሚቀመጥበት ስለሌለ ነዋ!"

ውሳኔው በአንድ የተቃውሞ ድምፅ አለፈ። ተቃዋሚዋ የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ ሆነው በመገኘታቸው፣ የጥቅም ግጭት አለበት ተብሎ ድምፃቸው አልተቆጠረም።

ንድፍ አውጪው ግንበኛ አስከትሎ መጣ። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳይደርስ የቀረ፣ መነጽሩ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ወጣት ነው። ጓሮው መሃል ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። ቤተሰቡም አብሮት ዝም አለ። ግንበኛው ሰው የሞተ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

"ይሰማችኋል?" አለ ንድፍ አውጪው በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ጓሮው አግድም መሆን ይፈልጋል።"

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። "እኔም ጠርጥሬ ነበር።"

"የምንሠራላችሁ ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን ፓቲዮ፣ ማለትም የደጅ መቀመጫ ነው። ዝቅ ያለ ወንበር፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ውጭው ወደ ውስጥ ገብቶ ውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚተቃቀፉበት..."

"ሞደርን ያልከው ዘመናዊ ማለት ነው ልጄ?" አሉ እማማ ከሳጥናቸው ላይ።

"አዎ እማማ። የዛሬ ሰባ ዓመት የነበረው ዘመናዊ።"

"የዛሬ ሰባ ዓመትማ እኔም ዘመናዊ ነበርኩ። ማን መጥቶ ንድፍ አወጣልኝ?"

ሥራው በዘይቱኗ ተጀመረ። ዛፏ ጠመም ያለች በመሆኗ የዘመኑን መንፈስ አትወክልም፤ ደግሞም ለፀሐይ እንቅፋት ናት ተብላ ተቆረጠች። ጓሮው በአርማታ ተሞላ። ሳጥኗ ከአጠቃላይ ገጽታው ጋር ባለመጣጣሟ፣ ለሰጠችው የረጅም ጊዜ አገልግሎት ሳትመሰገን ከአጥር ውጭ ተሰናበተች።

ከዚያ ወንበሮቹ መጡ። ውበታቸውን ለመግለጽ ቃል ያጥራል፤ እነሱም ከመሬት ያጥራሉ። ቆዳቸው እንደ ማር የቀላ፣ እግራቸው እንደ ፌንጣ የተንጋደደ፣ ወደ ኋላ የተለጠጡ ናቸው። እማማ የመጀመሪያዋ ተቀማጭ እንዲሆኑ ተጋበዙና በቀስታ ወረዱ። ወረዱ፣ ወረዱ፤ በመጨረሻ ነጠላቸው ብቻ ሲታይ ቀረ።

"አውጡኝ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ግንበኛውና ሊቀመንበሩ ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቷቸው።

"ይሄ ወንበር ነው ወጥመድ?"

"እማማ" አለ ንድፍ አውጪው በትዕግሥት፣ "ይህ ወንበር ሰው እንዲዝናናበት እንጂ እንዲነሳበት ታስቦ አልተሠራም።"

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ከባድ ችግር ተገኘ። ፀሐይ ለመሞቅ በተሠራው ቦታ ላይ ፀሐይ ትመታ ነበር። ማር የመሰለው ቆዳ መንጣት ጀመረ። ንድፍ አውጪው በጥድፊያ ተጠርቶ መጣና ወንበሮቹን ዳበሳቸው፤ ሐኪሙ የእማማን ጉልበት እንኳ እንዲያ አልዳበሰም።

"ጣራ ያስፈልገዋል" አለ።

"ጣራ" አለ ግንበኛው፣ ገና ሳይጨርስለት መለኪያውን እየዘረጋ። ይህ ግንበኛ በሕይወቱ ተቃውሞ አያውቅም፤ ለሚሉት ሁሉ "ይቻላል" ይላል፣ የራሱም ቤት በዚሁ እየተሠራለት ነው።

ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ወደ ሰማይ የሚያይ፣ ከአጥሩ አልፎ መንገዱ ላይ የሚያንዣብብ ሰፊ ጣራ ተሠራ። ሆኖም ፀሐይ ማለዳ ማለዳ በምሥራቅ በኩል በጎን ሾልካ ስትገባ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። በዚያ በኩል ግድግዳ ተገነባ። በቀረው በኩል ነፋስ አቧራ አመጣ፤ በመስታወት ተዘጋ። በመስታወቱ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ገመድ ከነሙታንታው ቁልጭ ብሎ ታየ፤ መጋረጃ ተሰቀለ። መጋረጃው ሲሰቀል ጨለመ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የተባለው ለዚህ መሆን አለበት፤ ጓሮው ቀስ በቀስ በእግሩ ሄዶ ሳሎን ገባ። ለነገሩ ቤቱ ድሮም ሳሎን ነበረው።

"እኔስ?" አሉ እማማ አንድ ቀን። ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ እምቢ ብሎ ግድግዳ ይዘው ነበር የሚሄዱት። "የኔ ነገር የት ደረሰ?"

"ይህ ሁሉ ለማን ሆነና፣ እማዬ!" አሉ ሊቀመንበሩ ልባቸው ተነክቶ።

ንድፍ አውጪውም ባዶ እጁን አልነበረም። ረጅም አንገት ያላት፣ ራሷ እንደ ድስት ክዳን የሰፋ መብራት አቆመና ማብሪያውን ተጫነ። "የማለዳ ፀሐይ ትባላለች። የምሽቱም የሌሊቱም ማለዳ ነው። ደመና አያውቃትም።"

እማማ መብራቷ ሥር ብርድ ልብስ ደርበው ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ።

"ሞቀዎት?"

"በራልኝ እንጂ አልሞቀኝም።"

"ይለምዱታል።"

"ልጄ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዛችሁት" አሉና ብርድ ልብሳቸውን አጠፉ።

በማግስቱ እማማ ጠፉ። አልጋቸው ላይ የሉም፤ ወንበሮቹ ውስጥም አንድ በአንድ በእጅ ተፈለጉ፣ የሉም። ኋላ የቤቱ እመቤት የውጭውን በር ከፈት ሲያደርጉ፣ እማማ ደጅ ላይ በተጣለችው ሳጥን ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተገኙ።

"እማማ! ምን ጉድ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"እንዴት አደሩ ይላል። ሁሉም ነው የሚለው።"

"ያን ሁሉ ነገር አሠርተንልዎት መንገድ ላይ!"

"አንቺም ነይ፣ ቁጭ በይ። ፊትሽ ገርጥቷል።"

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ነገሩን ካጤኑ በኋላ፣ እማማ እስከ አዲሱ ግንባታ ምረቃ ዕለት ድረስ "በጊዜያዊነት በመስክ ላይ" እንዲቆዩ፣ ከምረቃው በኋላ ሳጥኗ ተፈልጣ እንድትወገድና እማማም በቋሚነት ወደ መብራቷ ሥር እንዲዛወሩ ወሰኑ። እማማም ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሳጥኗን በእግራቸው ገፋ፣ ገፋ እያደረጉ ወደ መንገዱ ጥግ ይሄዱ ጀመር። የት ነው የሚደርሱት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ግድግዳ መያዝ መተዋቸውንም ልብ ያለ አልነበረም፤ ቤተሰቡ በሪባን ቀለም ምርጫ ተወጥሮ ነበር።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ከቀትር በኋላ የመንገዳችን ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። ባለ ፏፏቴው ጥሪ ተልኮለት ነበር፤ አልመጣም። "ቅናት ነው" አሉ የቤቱ እመቤት በደስታ። ተጋባዦቹ በየወንበሩ ወረዱ። መስታወቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ የማለዳዋ ፀሐይ በርታለች፤ ከቆዳና ከቀለም ሽታ በቀር የሚተነፈስ ነገር አልነበረም። ሊቀመንበሩ መቀሱን በእጃቸው ይዘው ተነሱ።

"ክቡራንና ክቡራት! ፀሐይ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሀብት አይደለችም። ነገር ግን አያያዝ ትፈልጋለች። እኛ ይህንን ስንጀምር በእጃችን ላይ ምን ነበር? አንድ ሳጥን ነበር..."

የስልክ ጥሪ የመጣለት አንድ እንግዳ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ቀጥሎ ሌላው "እማማን ሰላም ሳልል" ብሎ ተነሳ። ሦስተኛዋ ምክንያት ለመስጠትም ትንፋሽ አጠራት። ሊቀመንበሩ ዓይናቸው ወረቀታቸው ላይ ስለነበር፣ ስለ አግድም መስመር፣ ስለ ውስጥና ውጭ መተቃቀፍ፣ ስለ መጪው ትውልድ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ቀና ሲሉ የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ በኮሚቴዎቻቸው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይይዝ የነበረው የድሮ ጸሐፊያቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አንተ ብቻ ታማኝ ሆነህ ቀረህ።"

"ኧረ ጌታዬ" አለ ጸሐፊው ከወንበሩ ጥልቀት፣ "እኔም ሞክሬ ነበር።"

ጎትተው አወጡትና አብረው ወደ ደጅ ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ከግንባታው የተረፈ ብሎኬት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አንዳንድ ብሎኬት ስቦ እማማን ከቦ ተቀምጧል። ኮት ወልቋል። ጫማ ወልቋል። አንዱ ቀልድ ይጨርሳል፣ ሌላዋ ከሳቅ ብዛት ጎኗን ይዛለች። የቤቱ እመቤት እንኳ መሃረባቸውን ብሎኬት ላይ አንጥፈው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል። ንድፍ አውጪው በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ ባዶ ቁርጭምጭሚቱን ያሻል።

"አንተም?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ጋሼ... ውጭውን እያጠናሁ ነው።"

"እማዬ፣ ምረቃው እኮ ውስጥ ነው!"

"ለፀሐይዋ ጥሪ አልላክህም መሰለኝ። ና ልጄ፣ ጀርባህን ስጣት።"

ሊቀመንበሩ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አንገታቸው ላይ ቀዘቀዛቸው። ቀና አሉ። ከጣራቸው ክንፍ የወረደ ጥላ አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ይሳብ ነበር። የእማማን እግር ነካ። እማማ ተነሱ። ሰፈሩም ብሎኬቱን አንስቶ ራቅ አለና ተቀመጠ። ጥላው ተከተለ። አሁንም ተነሱ። ያለ አጀንዳ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በሙሉ ድምፅ የተላለፈ ብቸኛው ውሳኔ ይኸው ነበር። እማማ ጎንበስ ብለው ሳጥኗን ሊያነሱ ሲሉ ሊቀመንበሩ አዩና፣ መቀሱን ኪሳቸው ከተው ሳጥኗን ራሳቸው ተሸከሙ።

እንዲህ እየተነሳን እየተቀመጥን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅብን የመንገዱ ጥግ ደረስን፤ ታጥፈንም በባለ ፏፏቴው አጥር ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መንገድ ገባን። ፀሐይዋ ሙሉዋን እዚያ ነበረች። ከአጥሩ ወዲያ ፏፏቴው ሰሚ በሌለበት ይንሿሿል።

ከአጥሩ ወዲህ ባለ ፏፏቴው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ካርቶን አንጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጎናቸው አንድ የሳጥን ስፋት ያህል ቦታ ተትቷል።

ባለ ፏፏቴው ከፊቱ የቆመውን ሰፈር አየ፤ በክት ልብሱ ብሎኬት የታቀፈውን ሁሉ አየ፤ ሳጥን የተሸከሙትን ሊቀመንበር አየ። ሱሪውን ለማውረድ እጁን ሰደደና ተወው። 

"እማማ" አለች ሚስቱ፣ ሌላውን ሰው ያላየች ይመስል፣ "ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገዩ?"

"ምን ላድርግ" አሉ እማማ፣ ሳጥናቸውን ከልጃቸው እጅ እየተቀበሉ፤ "ምረቃ ነበረብን።"