ጋሽ ደውሉልኝ እና በደህና ያለቀ ሥራ

«ስትደርሱ ደውሉ» ባይ ሳይኖርበት የተቋቋመ መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። ቢቋቋምም አይበረክትም። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ደውሉልኝ ይባላሉ፤ የኮምፒውተር ክፍሉ አንጋፋ ናቸው። እጁን ሊታጠብ የወጣ ሰው እንኳ መድረሱን ካላሳወቃቸው ይቀየማሉ። ቤቱ ከአጥራችን ማዶ የሆነው ጥበቃ ሳይቀር ተራውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ይደውልላቸዋል።

ጣጣው አመላቸው ወደ ማሽኗም መዛመቱ ነው። ቁም ሳጥን የምታክለው ኮምፒውተራችን እኛ ቤታችን ስንገባ ሁለት መቶ ያህል ሥራዎችን ብቻዋን ትሠራለች። እያንዳንዱ ሲያልቅም ጆብ ሎግ የምንለውን መዝገብ ትጽፋለች፦ በዚህ ሰዓት ጀመርኩ፣ ይህን ይህን ሠራሁ፣ በደህና ጨረስኩ። ሌላው ዓለም ሳያነብ ያጠፋዋል። ጋሽ ደውሉልኝ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ያነባሉ፣ «ጎሽ» ይላሉ፣ ያስቀምጣሉ። የስድስት ዓመት «ጎሽ» ተከምሮ የማሽኗን ሆድ ዘጠና ስድስት በመቶ ሞላው። ጢም ካለ ደግሞ ቀጥ ማለቷ ነው።

አለቃችን እኔን ላከኝ። አሮጌው ይጥፋ፤ ከእንግዲህ የተበላሸ ሥራ ብቻ ይጻፍ፤ በደህና ያለቀ ዝም ይበል። ገብቼ የተሰናዳሁበትን የዲስክ ትምህርት ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰምተው ሰምተው፣

«ልጄም እንዲህ ናት» አሉ።

ሩቅ አገር ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው።

«ስትታመም ትደውላለች። አከራይዋ ከቤት ስታስወጣት ትደውላለች። ደህና ስሆን ምን ብዬ ልደውል አባዬ ትለኛለች። እና ስልኩ ዝም ሲል፣ ደህና ናት ብዬ ልተኛ፣ ወይስ መደወል ተስኗት ይሆን ብዬ ስገላበጥ ልደር?»

የዚህ መልስ ማሽኗም ዘንድ የለም፤ ጨርሶ ያልተጀመረ ሥራም ዝም ነው የሚለው። ብቻ ዘጠና ስድስት በመቶ በልመና አይቀንስም። ጋሼ ይህን አላጡትም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው የማጥፊያውን ትእዛዝ በገዛ እጃቸው ጻፉት፤ እኔን አላስነኩኝም።

በማግስቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባዶውን ስክሪን ሲያዩ አገኘኋቸው። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ማሽኗ የአንድ ሌሊቱን ብቻ የምትይዝበትን የሥራዎቹን ዝርዝር ከፍቼ፣ የግምጃ ቤቱ ሥራ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀምሮ በደህና አልቋል አልኳቸው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀበት?»

«አሥራ አንድ።»

«ዘጠኝ ነበር የሚፈጅበት» አሉ ቅር ብሏቸው። «ቀጥል።»

ይኸው አምስት ወር ሆነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶውን አንድም ሳላስቀር በቃሌ እነግራቸዋለሁ። አለቃችን የሥራ ሰዓት ታባክናለህ ይለኛል፤ አልዋሸም። ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ ጠዋት ዝርዝሩ ቶሎ ሲያልቅብኝ፣ ከወንበራቸው እንዳይነሱብኝ የሌለ ሥራ ፈጥሬ እጨምራለሁ። ያን ማሽን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት ጋሼ ትክ ብለው ያዩኛል።

«እሱስ፣ በደህና አለቀ?» ይሉኛል።

እሱም በደህና አልቋል።