የጋቢናው ጠብታ

ሰውን የምናከብርበት ቦታ ብዙ ነው፤ ገበታ ላይ አለ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አለ፣ ሰርግ ቤት አለ። የእኛ ሰው ግን መኪና ሲያይ ክብርን ሁሉ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከኋላ ስምንት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፎ ሊቀመጥ፣ ጋቢና ማን ይግባ በሚለው ላይ ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ ክርክር አለ። «እርስዎ ይግቡ።» «ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» «ግድ የለም፣ እኔን ከኋላ ይመቸኛል።» ክርክሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ዝናብ እየወረደባችሁ ተከራክራችሁ ይሆናል።

እኔ በዚህ ነገር የሚዛን ተፈሪን ሰው ትሕትና ሳደንቅ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ባለቤቴ በላቸው አሮጌ ላንድሮቨር አለው። ስንት ዓመቷ እንደሆነ እሱም በትክክል አያውቅም፤ ሲጠየቅ «ከእኔ ታንሳለች» ብሎ ያልፈዋል። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ሲወሰድ፣ ለንግሥ ራቅ ወዳለ ደብር ሲኬድ የምትጠራው እሷ ናት። ታዲያ ሁሉም ሰው «እኔ ከኋላ» ይላል። ጋቢናዋ ባዶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ትሑት ጎረቤት የሰጠኝን አምላክ እያመሰገንኩ፣ ባዶ የቀረው ወንበር ላይ እኔው እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ቱም ከተማ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ከኋላዬ ሁለት ጎረቤቶቼ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«እኔማ ዛሬ የለበስኩት የታጠበ ነጠላ ነው። ባለፈው ጋቢና ገብቼ ጉልበቴን ቀይ ጭቃ አላለበሰችኝም?»

«እኔንስ! ባሌ የት ወድቀሽ መጣሽ ነው ያለኝ።»

ትሕትናው ይኸው ነበር። ጠብታ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ላንድሮቨሯ ከፊት መስታወቱ ስር፣ ከዳሽቦርዱ በላይ፣ ሁለት ረዘም ረዘም ያሉ የአየር ማስገቢያ ክዳኖች አሏት፤ አንዱ በሾፌሩ በኩል፣ አንዱ በጋቢናው በኩል። ከውስጥ እጀታውን ሲገፉት ይከፈታሉ፣ ሲስቡት ይዘጋሉ። ክዳኑ ሲዘጋ የሚያርፍበት ዙሪያውን የጎማ ጥብጣብ ነበረው። ነበረው ነው የምላችሁ። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ውሃው የሚገባው በዚያ ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ ክረምቱ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ከቡናው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ለምጄዋለሁ። ጠብታው ሊወርድ ሲል ጉልበቴን ወደ በሩ ሰብሰብ አደርጋለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ይህንን ግን ማንም ሳያስተምረኝ በሃያ ዓመት ተምሬዋለሁ።

እንዲህ ተቻችለን ስንኖር ልጄ ቢኒያም ላገባ ነው አለ። ልጅቷ አስቴር ትባላለች፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የተዋወቁት፤ ወላጆቿ ማሻ ናቸው። አመሰገንኩ። ቀጥሎ ግን፣ «እማ፣ አባቷ ትንሽ ከበድ ይላሉ» አለኝ። ሳጣራ፣ አባቷ አቶ አለሙ ዓምና ለታላቋ እህቷ የመጡ ሽማግሌዎችን ከደጅ መልሰዋል። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ ሽማግሌዎቹ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው አቧራ ለብሰው ደረሱ። «ሽማግሌውን ያላከበረ ቤት ልጄን ያከብራል?» ብለው በሩን ዘጉ። ያቺ ልጅ እስካሁን እዚያው አባቷ ቤት ናት። ይህን ገበታ ላይ ሳነሳ የቢኒያምን ፊት አየሁ። ልጁ ሳህኑን ገፋ አድርጎ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ በሐሳቤ ያየሁት ዳሽቦርዱን ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሦስት ናቸው። የንስሐ አባታችን መምሬ ሀብቴ፣ ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኸይሩ፣ እና ቤንችኛውንም ካፊኛውንም የሚያውቁት ጡረተኛው መምህር ታደሰ። ጋቢና የሚገቡት መምሬ ናቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። መምሬ ደግሞ ከራስ ጥምጥማቸው እስከ ነጠላቸው ነጭ ናቸው። ሌላውን ሁሉ መቻል ይቻላል፣ ቀይ ጉልበት ይዘው አቶ አለሙ ደጅ መቆማቸውን ግን አልቻልኩም።

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ማዘር፣ የዚህች ዕቃ እንኳን እዚህ አዲስ አበባም የለም። እሷ አሁን ጡረታ ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ። አጠገቡ ያለው ጎሚስታ ደሳለኝ ግን ጠራኝ። ጎማ ውስጥ ገብቶ የሚነፋውን ላስቲክ፣ ካላማዳሪ የሚሉትን፣ አሮጌውን አንስቶ ሰጠኝ። በልኩ ቆርጬ በማስቲሽ እንድለጥፈው አሳየኝ። ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ፣ «ማዘር፣ ክዳኑን ግን እስከ ነገ ክፍት ይተዉት። ማስቲሹ ሳይደርቅ እንዳይዘጉት!» አለ። ሰምቻለሁ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፤ መቁረጥና መለካት አይቸግረኝም። አሮጌው ጎማ ሲነካ እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰባበረ። ከስሩ ቅጠል፣ ሦስት የቡና ፍሬ፣ ከጠፋብኝ የቆየ የፀጉር መርፌ አወጣሁ። ዝገቱን በቢላ ፋቅሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ በማካሮኒ ካርቶን ልክ አወጣሁ፣ ካላማዳሪውን በልኩ ቆረጥኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አልቸኮልኩም። እኔ በሰፈሩ ሁሉ በትዕግሥት የምታወቅ ሴት ነኝ፤ መምሬም አንዴ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ ወደ እኔ አየት አድርገዋል።

ለጥፌ ስጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። ክዳኖቹ ክፍት ናቸው። ዝናቡ ከመጣ የሁለት ቀን ልፋቴ ውሃ ሊገባበት ነው። የደሳለኝ ቃል ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ትዝ ብሎኛል። ብቻ ሥላሴን ጠርቼ ሁለቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘጋኋቸው። ዝናቡ ወርዶ ሲያባራ ገብቼ ጋቢናውን በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ! አላመንኩም፤ በጆግ ውሃ ቀድቼ አፈሰስኩበት። አንዲት ጠብታ የለም። ያን ዕለት እንደ ኮራሁ አልደብቃችሁም። እጀታውን ገፍቶ የመክፈት ሐሳብ ግን በአጠገቤም አላለፈም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሱ። የሚነዳው በላቸው ነው። የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር ገብቶ ልጅ መጠየቅ ወግ ስላልሆነ፣ መኪናዋን ከቤቱ ራቅ አድርጎ አቁሞ ሊደበቅ ተስማሙ። መምሬ ጋቢና ገቡ። ጉልበታቸውን አየሁ። ነጭ። ሸኘኋቸውና የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በላቸው እንደነገረኝ ነው የምነግራችሁ። ቴፒን አልፈው የማሻ ዳገት ሲጀምር ዝናቡ መጣ፣ ብርዱም መጣ። አራት ሰው በታሸገ መኪና ውስጥ ሲተነፍስ መስታወቱ ወተት ሆነ። በላቸው በእሱ በኩል ያለውን እጀታ ገፋ። ንቅንቅ የለም። በቡጢ መታው።

«መምሬ፣ እስቲ በእርስዎ በኩል ያለውን ይግፉት።»

«ገፋሁት እኮ ልጄ! ይህ ነገር የተገዘተ ነው እንዴ?»

ሐጂ ኸይሩ ከኋላ፣ «መምሬ፣ የገዘቱት እርስዎ ከሆኑ ይፍቱት እንጂ፣ ገደል እኮ ነው በዚህ በኩል!» አሉ።

መምህር ታደሰ የጎኑን መስታወት ከፈቱ፤ ዝናቡ እሳቸውን አጥቦ ሐጂ ጋ ደረሰ። ተዘጋ። በመጨረሻ መምሬ ሀብቴ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው መስታወቱን መጥረግ ጀመሩ። አንዴ በበላቸው ፊት፣ አንዴ በራሳቸው ፊት፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ ማሻ እስኪገቡ ድረስ ጠረጉ። የዚያ መስታወት የውስጥ ገጽ ደግሞ ለስንት ዓመት በወግ ታጥቦ አያውቅም።

አቶ አለሙ ደጅ ሲቆሙ የመምሬ ጉልበት እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ነጠላቸው የመካኒክ ጨርቅ መስሏል።

አቶ አለሙ ግቡ ሳይሉ ነጠላውን አዩት።

«አባ፣ ወድቀው ነው?»

መምሬ መዋሸት አይችሉም፤ ለዚህ ነው የተላኩትም። «አልወደቅኩም። የልጁ እናት ዝናብ ጉልበቴን እንዳይነካኝ ብላ መኪናዋን አሸገችው። መስታወቱ አላበብን፣ በነጠላዬ እየጠረግሁ መጣሁ።»

«ምኑን ነው ያሸገችው?»

«ከመስታወቱ ስር ያለውን፣ የአየር መግቢያውን።»

«ላንድሮቨር ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ማነው የነዳው?»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «ከታች ቆሟል» አሉ መምሬ።

አቶ አለሙ በሩን ለቀቁላቸው። አስቀምጠው ሰሟቸው። ሲጨርሱም፣ «ሰምተናል፤ ከዘመድ እንመክርበታለን» አሉ። በመጀመሪያው ቀን ከዚህ ሌላ ቃል ከልጅቷ አባት አይወጣም፤ እሺም ቢሆን እምቢም ቢሆን መልኩ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመልኩ ምንም ሳያነቡ ቡናቸውን እየጠጡ ሳለ፣ አቶ አለሙ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው፣ ከመስኮቱ ላይ ሰንጢ አንስተው ወጡ።

በላቸው በዚያ ወተት መስታወት ውስጥ ተደብቆ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ደስ ብሎት ነበር። መስታወቱ ተንኳኳ። ጠረግ አድርጎ ሲያይ ሰንጢ የያዘ ሰው ቆሟል።

«ይክፈቱ እንጂ!»

አቶ አለሙ በሻይ ልማት ሾፌር ሆነው የኖሩት በእንደዚህች ያለች መኪና ነው ለካ። ገቡና በዳሽቦርዱ ላይ ተጎንብሰው፣ የሰንጢውን ጫፍ በክዳኑና በጎማው መሃል አስገብተው ቀስ እያሉ ዙሪያውን ለዩት። መጀመሪያ የሾፌሩ ተከፈተ። የጋቢናው አስቸገረ፤ አንድ ጣት የሚያህል ጎማ ተቆርጦ ወጣ። ቁራጩን በብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ማነው የሠራው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ልኩን አልሳተችም። ሳይደርቅ ዘግታው ነው እንጂ።»

በላቸው ያን ጊዜ ልቡ አላስችል አለውና፣ «እንግዲህ ስለ ልጆቹ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«ዛሬ መልስ አይሰጥም! ወግ አያውቁም እንዴ?» ብለው ተቆጡት። ሰንጢያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወርደው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ዞር ብለው፣ «ተመልሳችሁ ስትመጡ መንገዱ ሊታያችሁ ይገባል» አሉ።

በላቸው ቤት ሲገባ ስለ ክዳኑ ሊቆጣኝ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጊዜ አላገኘም። ቢኒያም ያቺን ዓረፍተ ነገር አባቱን ደጋግሞ አስነገረው። «ተመልሳችሁ ስትመጡ ነው ያሉት፣ ወይስ ከመጣችሁ?» «ስትመጡ ነው አልኩህ እኮ!» ልጁ ያን ማታ ሁለት ሰው የሚበላውን በላ። እኔም በሚቀጥለው ጊዜ ለመምሬ ንስሐ ስገባ የጆጉን ውሃና ኩራቴን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አዲስ ነጠላ ስለሰጠናቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ቀለል ያለ ስግደት ሰጡኝ።

ሰርጉ አለፈ። ባለፈው ሳምንት አስቴርን ይዘን ለንግሥ ስንወጣ ጋቢና ግቢ አልኳት። «ኧረ እማዬ፣ እርስዎ እያሉ!» አለች። ተከራከርን። በዕድሜ አሸነፍኳት። እኔ ከኋላ ሆኜ እያየኋት ሳለ ዝናቡ መጣ፣ አባቷ ከቆረጡት ቦታ አንዲት ጠብታ ወርዳ ቀሚሷ ላይ አረፈች። ቀና ብላ ክዳኑን አየችው። ሁለተኛዋ ልትወርድ ስትል ጉልበቷን ወደ በሩ ሰብሰብ አደረገች።

ያባትሽ ሰንጢ ነው ልላት ነበር፤ ተውኩት። የካላማዳሪው ትራፊ ቤት አለ፣ ማስቲሹም ገና አልደረቀም፤ አንድ ቀን እጠግነዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ እውነታቸውን ነው፤ ይመቻል።