ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሚድን ፍሪጅ

ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃ አልገዛም… ጸጸት ነው አስጭኖ ያመጣው! አትሳቁ፤ እናንተም ጓዳ አንድ አይጠፋም።

ባለቤቴ አስካለ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ሱቅ ቢጤ ከፍታለች። በዚያ ሙቀት ከአውቶቡስ የሚወርድ መንገደኛ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ቀዝቃዛ አለ?" አስካለ "የለም" ማለት ሲሰለቻት፣ እኔ ጀግናው ፌስቡክ ላይ ፍሪጅ አገኘሁላት። "በትንሹ ያገለገለ። ካልሠራ ይመለሳል" ይላል። ሻጩ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጋሼ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሰው ናቸው።

ዳገቱን ደብረ ብርሃን ወጥቼ ሞከርኩት። ጋሼ ከውስጡ ውሃ አውጥተው ቢቀዱልኝ ጥርሴን አደነዘዘው! በስስ ሸሚዜ እየተንቀጠቀጥኩ ከፈልኩ። ጭነት መኪና ላይ ጭኜው፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወረድን።

ቤት ስንሰካው ያጓራል… ያጓራል… በማግስቱ አስካለ ለመጀመሪያው ደንበኛ ለስላሳ ከፈተች። ሰውየው አንዴ ጎንጨት አለና፣ "እትዬ፣ እኔ ሻይ አላዘዝኩም!" ብሏት ጎረቤት ሱቅ ገባ። የአስካለ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ሸማች መብት አለው!" አልኩ። ከቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባችን የገባችኝ ብቸኛ ነገር ይህቺ አባባል ናት። ፍሪጁን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሼ ሸዋንግዛው አልተከራከሩኝም፤ የሰፈራቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ጠሩ። ፍሪጁ ውሃ ተደርጎበት፣ ተሰክቶ አደረ። ጠዋት ጋቢያቸውን የደረቡት ሽማግሌዎች ውሃውን ቀመሱ።

"እህህ… በረዶ!" አሉ አንደኛው።

"አባቶቼ፣ ይሄ እኮ የአገሩ ብርድ ነው! እስቲ ከፍሪጁ ውጭ ያደረውንም ውሃ ቅመሱት!" አልኩ።

ቀመሱት። እሱማ ይብስ ነበር!

"ልጄ፣ ፍሪጁስ ጤነኛ ነው" አሉኝ። "የታመመው አገርህ ነው።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ጭራሽ "የሰው ስም አጥፍተሃል" ተብዬ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ፍሪጄን ይዤ ተመለስኩ።

ምን ላድርግ? እኔም ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ትናንት ስልክ ተደወለ።

"ፍሪጁ ይሠራል?"

"ከየት ነው ወንድሜ?"

"ከማጀቴ ከተማ። ኧረ ሙቀቱ ጨረሰን…"

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ችግር የለም! ደብረ ብርሃን እንገናኝና… ሞክረህ ትወስደዋለህ።"