የጓሮዬ ድንጋይ ጉዳይ

ውድ አንባቢ፣ ከጥንታዊ ቅርስ ወዳጆች ጋር ተቀምጠው ያውቃሉ? እኔ በየወሩ እቀመጣለሁ። የወልቂጤና የቡታጅራ ማኅበሮች ተጣምረው ኅብረት መሥርተዋል፤ የኅብረቱም ዋና ሥራ አለመስማማት ነው።

የሚከራከሩበት ጥርብ ድንጋይ ባለቤቴ ከጓሯችን ቆፍሮ ያወጣው ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ድንጋዩ ወልቂጤ ይሂድ ወይስ ቡታጅራ ይቅር እያሉ እኔ ግቢ ይሰበሰባሉ። በሌላው ቀን በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የቡታጅራው ሊቀመንበር ጋሽ ሙዘይን ድንገት፣ «በቃ፣ ውሰዱት» አሉ።

«ከልብህ ነው?» አሉ የወልቂጤው ጋሽ ደግፌ።

«ወላሂ! ድንጋዩ እንዳለ አለ፤ ያረጀነው እኛ ነን።»

ጋሽ ደግፌ መኪና ሊጠሩ ስልካቸውን አወጡ። እኔ የደረደርኳቸውን የሻይ ብርጭቆዎች አየሁ። ከእንግዲህ ለማን ልቀዳባቸው ነው?

«የአረቅጥ ከተማ ማኅበርስ ተጠይቋል?» አልኩ።

«አረቅጥ ማኅበር የለም እኮ፣ እትዬ ብርቄ!» አሉ ጋሽ ደግፌ።

«የለም ብሎ ነገር አለ?» ጋሽ ሙዘይን ተቆጡ። «መጀመሪያ ይቋቋምና ይጠየቃል! ኋላ ቢቀየሙንስ?»

ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ። ማኅበር ማቋቋም ረጅም ጊዜ ይወስድ ይሆን? ያድርግልኝ እያልኩ ሻዩን ደግሜ ጣድኩ።