ርዕስ ፍለጋ ወደ ደጋ

የተማረ ሰው ያረጀ ነገር አያነብም፤ አዲስም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያነብም፤ ሆኖም ሊታሰብለት ይገባል። ይህን በጥልቀት የተገነዘበ አንድ የሸዋ ሮቢት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ በየዓመቱ ለሚያወጣው መጽሔት አዲስና ማራኪ የመጣጥፍ ርዕስ የሚመርጥ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ጋሽ ካሳሁን ሥራውን ሲከፍቱ፣ «ርዕስ የጽሑፍ ራስ ነው፤ ራስ ከሌለ ኮፍያው የት ይደረጋል?» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ያቀረበችው መምህርት ፋዲላ ነበረች። የምታስተምርበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በሙቀት እየተዝለፈለፉ ይወድቁባታል። በቀደም አንዷን ታቅፋ ጤና ጣቢያ ሮጣለች። ስለዚሁ ጽፋ ነበር የመጣችው፤ ምናልባት አንድ የሚመለከተው ሰው አንብቦ የክፍሉን መስኮት ቢያሰፋላት ብላ።

«ሙቀት?» አሉ ጋሽ ካሳሁን፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እዚህ አገር ሙቀትን የማያውቅ አለ እንዴ?»

«የለም ጋሼ።»

«እንግዲያ ምኑ ነው አዲስ?»

«ወላሂ ማንም ጽፎበት አያውቅም!»

«ማንም ካልጻፈበት እኛ በምን ማስረጃ እንጽፍበታለን?»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ተባለና የፋዲላ ጽሑፍ በክብር ተመለሰላት።

ከዚያ የኮሚቴው ጸሐፊ እትዬ እቴነሽ፣ «ኧረ በዚህ ቃጠሎ ማን ያስባል? አእምሮ እኮ ነፋሻ አየር ይወዳል» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ኮሚቴው ፋዲላን ከልጆቿ ጋር ትቶ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ብርሃን ገባ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ የቆላ ሰው በስስ ሸሚዝ ደጋ ሲወጣ የሚሆነውን ሆኑ። የሆቴሉን ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲንቀጠቀጡ ጋሽ ካሳሁን ድንገት ብድግ አሉ።

«አገኘሁት! ብርድ! እኛ አገር ማንም የማያውቀው!»

«ማስረጃስ?» አሉ እትዬ እቴነሽ።

«ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይሰማዎትም?»

መጽሔቱ «ብርድን የመከላከል ጥበብ» የሚል መጣጥፍ ይዞ ወጣ። ጽሑፍ በአገራችን ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሁሉ ይፈሩ! አንድ የሚመለከተው ከፍተኛ ኃላፊ፣ አየር ማቀዝቀዣ በተገጠመለት ቢሮው ተቀምጦ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ልቡም ተነካ። በሳምንቱ አናጢዎች መጡና በመጣጥፉ ምክር መሠረት የፋዲላን ክፍል መስኮቶች በጣውላ ጠረቀሙላት።

ፋዲላ እየተንደረደረች ጋሽ ካሳሁን ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልጆቼ አለቁ! አሁንማ የሚወድቁት ከጠዋት ጀምሮ ነው!»

ጋሽ ካሳሁን ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው በደስታ በራ።

«ከጠዋት ጀምሮ? ይኼስ አዲስ ነው፤ ለከርሞ ጻፊልን።»