ሱፍ ለብሶ የሚጠይቅ ሰው

የእንግሊዝ ሰላይ ፊልም የማይወድ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና የምወድበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ሰውየው ሃያ ጎረምሳ ዘርሮ፣ በመስኮት ዘሎ፣ አለቃውን በነገር ወግቶ ሲወጣ የሱፉ ትከሻ ንቅንቅ አይልም። እናንተ ተኩሱን ታያላችሁ፣ እኔ ኮሌታውን። ደግሞ ማንንም አይፈራም፤ ወረቀት ቢጠይቁት ይቀልድባቸዋል። ሀርጌሳ ላይ ያለ ወረቀት ለሚኖር ሰው ይህ ከተኩሱ ይበልጥ ያስቀናል።

መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ስምንት ሆነን በተከራየነው ግቢ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ አዲስ ተከራይ ገብተው ነበር። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ። ሥራቸውን የሚያውቅ የለም። አንድ አርብ ከሰዓት ፊልሙን አይቼ ከክፍሌ ስወጣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝና ትንሽ ደብተር አወጡ።

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አለች።»

«ልባቸውን ያማቸዋል? ከቤታቸው ጎን ማን ይኖራል? ጠዋትስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?»

የሚጠይቁት በቀስታ፣ በትሕትና ነው፤ የባሰው እሱ ነው። ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ አመለጥኩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በዚያው ዕለት ግቢውን ዞሬ አስጠነቀቅሁ። አንድ ክፍል የምንጋራው ጀማል፣ በርበራ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ «ወላሂ፣ ዛሬ ማታ የእናቴን ጎረቤት ስም ልሰጣቸው ነበር» አለኝ።

«እንዳትሞክረው!» አልኩት። ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተሾመ ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ሰላም ብለውን ያልፋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ተገልብጦ ጀማል ሞተ።

ጋሽ ተሾመ ደብተራቸውን ገለጡ። በጀማል ገጽ ላይ ከስሙ በቀር ምንም የለም። ለካ እዚህ የሚሞተውን አበሻ መርዶ ለአገር ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ኖረዋል። ሱፉን የማያወልቁት መቼ እንደሚጠሩ ስለማያውቁ ነው። መርዶ ደግሞ ለእናት በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ከቤት ሳትወጣ ይደረስላታል።

«ምነው ያኔ ቢነግሩን?» አልኳቸው፤ እንባዬ ይወርዳል።

«ለሞታችሁ ነው የምጠይቃችሁ ብል ማን ይመልስልኛል?»

እኛ የጎረቤቱን ስም ስናፈላልግ የተገለበጠው መኪና ፎቶ ከስልክ ስልክ ዞሮ ቀደመን። የጀማል እናት ገበያ መሀል፣ ከማታውቀው ሰው ስልክ ላይ አየችው። ደግፎ የሚይዛት ሰው እንኳ አጠገቧ አልነበረም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ፊልሙ ላይ ላላክከው አልችልም።

ከሠልስቱ በኋላ በገዛ እግሬ ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥኩ። የእናቴን ጎረቤት ስም ነገርኳቸው፣ ልቧ ደህና እንደሆነም ነገርኳቸው። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ግን አላውቅም፤ ከተለየኋት ስድስት ዓመቴ ነው። እዚያው እንደተቀመጥኩ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አሁን አሁን ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማነው የጠየቀህ?» አለችኝ።